በመዝገቡ ላይ ሁሌም አራት ነበር

ከጥቂት ወራት በፊት ከልጄ ጋር ቀኑን ሙሉ ስንጓዝ ውለን ማታ ላይ የማናውቀው ከተማ ደረስን። ርቦናል፣ ደክሞናል። መንገዱ ዳር ሦስት አራት ምግብ ቤቶች ነበሩ፤ ስማቸውን ሰምተን አናውቅም። ትንሽ ራቅ ብሎ ግን የምናውቀው ምልክት ያበራል፤ በየሄድንበት ከማናጣቸው ባለ ብዙ ቅርንጫፎች አንዱ ነው። ልጄ ገና ከመኪናው ሳትወርድ «እማዬ፣ እዚያ እንግባ፤ እሱን እናውቀዋለን» አለችኝ።

ያ «እናውቀዋለን» ያለችው ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። እውነቷን ነው፤ ቀለሙን እናውቃለን፣ የወንበሩን ቅርጽ፣ የዳቦውን ልስላሴ፣ የድንቹን ጨው እናውቃለን። የማናውቀው ዛሬ ማታ ምድጃው አጠገብ የቆመው ማን እንደሆነ ነው። ዶሮው ከማቀዝቀዣ ከወጣ ስንት ሰዓት እንደሆነው፣ ሰላጣውን የምትከትፈው ልጅ ጠዋት ሆዷን እያመማት ተነስታ እንደሆነ አናውቅም። ምልክቱ ስለ እነዚህ አንዲት ቃል አይነግረንም። እኛ ግን እሱን ስናይ ሁሉንም ያወቅን ይመስለንና ልባችን ያርፋል።

ይህን የምለው ከውጭ ሆኜ አይደለም። በሃያ ዓመቴ እንዲህ ባለ ምግብ ቤት ኪችን ውስጥ አሥራ አንድ ወር ሠርቻለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ የምናገረውም እሱን ለመክሰስ አይደለም። እንዲያውም የሰጡን ደንብ ከዚያ በኋላ ካየኋቸው ሁሉ የተሻለ ነበር። ግድግዳው ላይ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ተለጥፏል። ቀዝቃዛ ምግብ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች፣ ትኩስ ምግብ ከ60 በላይ ይቆይ ይላል። የጥሬ ሥጋ መክተፊያና የአትክልት መክተፊያ በቀለም ይለያል። እጅ በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠባል። እያንዳንዱ የተከፈተ ዕቃ የተከፈተበት ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፍበታል። እዚያ ላይ የተጻፈው ሁሉ ቢፈጸም ኖሮ ስለ ንጽሕና የምጽፈው ነገር ባልነበረኝ።

ከግድግዳው ጎን የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት ተንጠልጥሏል። የማቀዝቀዣውን ሙቀት በየአራት ሰዓቱ አንብቦ መጻፍ የኛ ሥራ ነው። ነገር ግን ምሳ ሰዓት ላይ ሰልፉ በሩ ድረስ ሲደርስ ማን ቴርሞሜትር ያያል? ፈረቃው ሊያልቅ ሲል አንዳችን ስክሪብቶ እንይዝና የቀኑን ባዶ ሳጥኖች በሙሉ በአንድ ጊዜ እንሞላቸዋለን። አራት። አራት። አራት። በዚያ መዝገብ ላይ ማቀዝቀዣው አንድም ቀን ሞቆት አያውቅም።

አዲስ ሳለሁ አንድ ጊዜ ሰባት ብዬ ጽፌ ነበር፤ ቴርሞሜትሩ ሰባት ስላለ። የፈረቃ ኃላፊያችን መጣችና ጣቷን ሳጥኑ ላይ አድርጋ «ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ሰባት ነው የሚለው።»

«በሩ ስለሚከፈትና ስለሚዘጋ ነው። አራት በይው፤ ያለበለዚያ ከላይ ይጠይቁናል።»

ሰረዝኩት። ከዚያ በኋላ እኔም አራት ጻፍኩ። የማቀዝቀዣው በር ጎማ አርጅቶ ስለተላቀቀ አየር ያስገባ እንደነበር ያወቅነው ጠጋኙ የመጣ ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ሥራ ከጀመርኩ ወደ ሰባተኛው ወር ገብቼ ነበር። እኔ ያየሁት ሰባት ዲግሪ ጎማው እርዳታ እየጠየቀ ነበር ማለት ነው፤ እኛ ግን አፉን ዘጋነው። ኃላፊዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። ሰባት ብሎ መጻፍ ስልክ መደወል፣ ምግብ መጣል፣ ለወጪው መልስ መስጠት ነው። አራት ብሎ መጻፍ ደግሞ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

ሰባት ዲግሪ ሰው አይገድል ይሆናል። ግን አደጋው እንዴት እንደሚያድግ ማወቅ ደግ ነው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ የሚመቻቸው ሙቀት ሲሆን ደግሞ አንዳንዶቹ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናሉ። ይህ ማለት ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ በዋለ ምግብ ውስጥ ያለች አንዲት ባክቴሪያ በ7 ሰዓት ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ትሆናለች ማለት ነው። ምግቡ ላይሸት ይችላል፣ መልኩም ላይለወጥ ይችላል። በኪችን ውስጥ ደጋግሜ የሰማሁት «እንደገና እናሙቀው፣ ይሞታል» የሚለው ቃልም የሚያዛልቅ አይደለም። ባሲለስ ሴረስ የሚባለው ባክቴሪያ የተቀቀለ ሩዝ ላይ ይገኛል፤ ዘሩ ማፍላትን ይቋቋማል፣ ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ይነሣና መርዝ ያመርታል፤ ያ መርዝ እንደገና ቢፈላም አይጠፋም። ከሰው ቆዳና አፍንጫ ወደ ምግብ የሚተላለፈው ስታፊሎኮከስም እንደዚሁ ነው። ባክቴሪያው ይሞታል፣ መርዙ ግን ይቀራል። ስለዚህ ሰዓት የተጻፈባት ያቺ ትንሽ ወረቀት እሳቱ የማይሠራውን ሥራ ትሠራለች። እኛ ግን ጊዜዋ ሲያልፍ አንስተን በላይዋ አዲስ ስንለጥፍ አይቻለሁ፤ ለጥፌም አውቃለሁ።

እኔ በዋዛ የሞላሁት ወረቀት ከየት እንደመጣ ያወቅሁት ሥራውን ከለቀቅሁ ብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ1960ዎቹ መባቻ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ናሳ ለጠፈርተኞች ምግብ ሲያዘጋጅ ከባድ ጥያቄ ገጠመው፤ በጠፈር ላይ ተቅማጥ የያዘው ሰው ምን ይሆናል? ፒልስበሪ የተባለው የምግብ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሃዋርድ ባውማንና ባልደረቦቹ ያለቀውን ምግብ በመመርመር መተማመኛ ለማግኘት ሲሞክሩ፣ ምርመራው አብዛኛውን ምግብ ራሱ እየጨረሰው ለጠፈርተኛው የሚተርፈው ጥቂት ሆነ። ስለዚህ ሐሳቡን ገለበጡት። መጨረሻ ላይ ከመመርመር ይልቅ ከጥሬ ዕቃው ጀምሮ አደጋ ሊገባ የሚችልበትን እያንዳንዱን በር ለይቶ እዚያው ላይ መለካት፣ የተለካውንም መጻፍ። ዛሬ ሃሳፕ እየተባለ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የምግብ ደኅንነት ሥርዓት ይህ ነው። ሥርዓቱ በሙሉ የቆመው የጻፈው ሰው ያየውን ጽፏል በሚል እምነት ላይ ነው። የኔ «አራት» የሚሉ ቁጥሮች የነካኩት ያንን መሠረት ነበር።

ጥቂት ዲግሪ ምን እንደሚያመጣ በ1993 ታይቷል። ጃክ ኢን ዘ ቦክስ በተባለው የአሜሪካ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ምግብ ቤት በርገር የበሉ ከ700 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ አራት ሕፃናት ሞቱ። ምክንያቱ ኢ. ኮላይ ኦ157 የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ በከብት አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ በእርድ ጊዜ ሥጋውን ከላይ ከላይ ይነካል። ሥጋው ሙሉ ቁራጭ ከሆነ እሳቱ ላዩን ሲያገኘው አብዛኛው ነገር ያልቃል። ሲፈጭ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ መሐሉ ቀይ የሆነ በርገር አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። በሕፃናት ላይ መርዙ ኩላሊት እስከ ማቆም ይደርሳል። ብዙ ታማሚ የተገኘበት የዋሽንግተን ግዛት ደንብ የተፈጨ ሥጋ 68 ዲግሪ ገደማ እንዲደርስ ያዝዝ ነበር፤ ድርጅቱ ግን ያበስል የነበረው በፌዴራሉ መመሪያ መሠረት በ60 ዲግሪ ነው። ስምንት ዲግሪ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ከአራት እስከ ሰባት ያለችው ሦስት ዲግሪ ትዝ ትለኛለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውም መነገር አለበት። በ1994 የአሜሪካ መንግሥት በተፈጨ ሥጋ ውስጥ ይህ ባክቴሪያ ከተገኘ ሥጋው ለሽያጭ የማይበቃ ብልሹ ዕቃ ነው ብሎ ወሰነ፤ ከዚያ በፊት «ሰዉ በደንብ አብስሎ ይብላ» ከማለት ያለፈ ክልከላ አልነበረም። ድርጅቱም ዴቭ ቲኖ የተባለ የምግብ ደኅንነት ባለሙያ ቀጠረ፤ ሰውየው ሥርዓቱን ከሥሩ ቀየረው። በቦርሳው ውስጥ ከሞቱት ልጆች የአንዷን ፎቶ ይዞ ይዞር ነበር፤ ከባድ ውሳኔ ሲገጥመው ያያት ነበር ይባልለታል። እኛ ኪችን ውስጥ እንዲያ ያለ ፎቶ ቢሰቀል ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ግድግዳችን ላይ የነበረው ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ማንን ወክሎ እንደቆመ የነገረን ሰው አልነበረም።

ብዙ ቅርንጫፍ መኖሩ ራሱ ሁለት ፊት አለው። አንድ ትልቅ ድርጅት ላቦራቶሪ አለው፣ አቅራቢዎቹን ይፈትሻል፣ ሠራተኛ ያሠለጥናል፤ ብቻዋን የምትሠራ አንዲት ምግብ ቤት ይህን ሁሉ አቅም ከየት ታመጣለች? ግን ጥፋት ሲገባም በዚያው መንገድ ይፈሳል። የአንድ እርሻ ሽንኩርት በአንድ መክተፊያ ፋብሪካ አልፎ ብዙ መቶ ኪችኖች ይደርሳል። በ2003 በፔንሲልቬንያ ቺ ቺስ በተባለ ምግብ ቤት አንድ ቅርንጫፍ ከ500 በላይ ሰዎች በሄፓታይተስ ኤ ታመው ሦስቱ ሞቱ፤ ምንጩ ጥሬውን የቀረበ ቅጠላማ ሽንኩርት ነበር። በ2024 ደግሞ ማክዶናልድስ የሚያቀርበው አንድ በርገር ላይ በሚደረግ የተከተፈ ጥሬ ሽንኩርት ሰበብ በ14 የአሜሪካ ግዛቶች 104 ሰዎች ታመዋል፣ አንድ ሰው ሞቷል። ሁሉም የሚፈራው ሥጋውን ነው። ሽንኩርቱን ግን ሥጋውን የሚያበስለው እሳት አይነካውም፤ የበርገሩ አብሳይ በዚያ ቀን ሥራውን ያለ እንከን ሠርቶ ሊሆን ይችላል።

አሁን ለመጻፍ የከበደኝ ክፍል ላይ ደርሻለሁ።

ሥራ በጀመርኩ በስምንተኛው ወር ላይ አንድ ሌሊት ሲያስመልሰኝ አደረ። ጠዋት ኃላፊዋ ጋ ደወልኩ። «ዛሬ ሁለት ሰው ቀርቷል፤ እባክሽ ነይ፣ ጎንበስ ቀና የሌለበት ቦታ አቆምሻለሁ» አለችኝ። የሕመም ፈቃድ የሚባል አልነበረንም፤ ያልሠራንበት ቀን አይከፈለንም። የቤት ኪራይ መክፈያዬ ደርሶ ነበር። ሄድኩ። ያቆመችኝ ሰላጣ ማዘጋጃው ጋ ነው፤ ከባድ ነገር የማይነሳበት፣ እሳት የሌለበት ቦታ። ለኔ አዝና ነው። ለደንበኛው ግን በጠቅላላው ኪችን ከዚያ የከፋ ቦታ አልነበረም፤ ከእጄ የሚወጣው ምግብ እሳት ሳያየው በቀጥታ ሰው አፍ ይገባል። ጓንት አድርጌ ነበር። ፊቴን ጠርጌበታለሁ፣ የማቀዝቀዣ እጀታ ይዤበታለሁ፣ ከዚያም ሰላጣ በትኜበታለሁ። ጓንት ያደረገ እጅ ንጹሕ ይመስላል፤ ለባለቤቱም ጭምር።

በዚያን ቀን ማን እንደታመመ አላውቅም፤ መቼም አላውቅም። ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣው ኖሮቫይረስ ኖሮብኝ ከሆነ ለመተላለፍ ጥቂት ቅንጣት ይበቃዋል፤ ከመቶ በታች እንኳ በቂ ነው። የአልኮል ጄል በደንብ አይገድለውም፣ ሳሙናና ውኃ ይሻላል። ትውከትና ተቅማጥ ከቆመ በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት ወደ ምግብ ሥራ አለመመለስ የሚመከረውም ሰውየው ዳንኩ ሲል ቫይረሱ ገና ከሰውነቱ እየወጣ ስለሆነ ነው። እኔ 48 ሰዓት ቀርቶ አራት ሰዓት እንኳ አልጠበቅሁም።

ከዓመታት በኋላ በ2015 በቦስተን የሆነውን ሳነብ ወረቀቱ ከእጄ ወደቀ። ቺፖትሌ የተባለው ድርጅት ቅርንጫፍ ውስጥ አንድ ተለማማጅ ሥራ አስኪያጅ እዚያው ምግብ ቤቱ ውስጥ አስመልሶት እያለ፣ የድርጅቱ ደንብ ከሥራ ውጣ ቢልም፣ ሥራውን እንዲቀጥል ታዘዘ። ከሁለት ቀን በኋላ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን የሚላክ ምግብ በማሸግ ረዳ። በዚያ ቅርንጫፍ ሰበብ 141 ሰዎች በኖሮቫይረስ ታመሙ። ድርጅቱ በ2020 ለዚህና ከ2015 እስከ 2018 ለተነሱ ሌሎች ወረርሽኞች 25 ሚሊዮን ዶላር የወንጀል ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። ደንቡ ነበር። ወረቀቱ ነበር። ሰውየው ግን «ቀጥል» ተባለ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2017 እስከ 2019 የተከሰቱ የምግብ ቤት ወረርሽኞችን ሲያጠና፣ ምክንያታቸው ከታወቀው ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ የታመመ ሠራተኛ እጅ አለበት ብሏል። እኔን ይህ አላስደነቀኝም። ስለ ንጽሕና ሲወራ ሁሌ የምናወራው ስለ ሳሙና ነው። ሳሙና ርካሽ ነው። የታመመን ሰው ደሞዙ ሳይቀነስ ቤቱ እንዲተኛ ማድረግ ነው ውድ የሆነው፤ ምግቡንም ይበልጥ የሚጠብቀው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ታዲያ ውጭ ይበላል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እበላለሁ። ምግቡ ሲመጣ መሐሉን ቆርጬ አያለሁ፤ ዶሮው ሮዝ ከሆነ፣ በርገሩ መሐሉ ካልበሰለ ሳላፍር እመልሳለሁ። ትኩስ መሆን ያለበት ለብ ብሎ ከቀረበ አልበላውም። የሠራተኛውን ጓንት ሳይሆን ጓንቱን መቼ እንደሚቀይረው አያለሁ፤ ገንዘብ የተቀበለበት እጅ ዳቦ ከነካ ይበቃኛል። በር ላይ የሚለጠፍ የንጽሕና ደረጃ ባለበት አገር አነበዋለሁ፤ ሎስ አንጀለስ ከ1998፣ ኒውዮርክ ከ2010 ጀምሮ በፊደል ይሰጣሉ፣ በዌልስ ከ2013 ወዲህ ከዜሮ እስከ አምስት ያለውን ቁጥር መለጠፍ ግዴታ ነው። ጥሩ ነገር ነው። ግን ተቆጣጣሪው የመጣበትን ቀን ብቻ ነው የሚናገረው፤ እኛም ተቆጣጣሪ የሚመጣ ሲመስለን እንዴት እንደምናጸዳ አውቃለሁ።

ከታመማችሁ ደግሞ መጨረሻ የበላችሁበትን ቤት ለመውቀስ አትቸኩሉ። የስታፊሎኮከስ መርዝ በሰዓታት ውስጥ ያስመልሳል፤ ኖሮቫይረስ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል፤ ኢ. ኮላይ ኦ157 ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ቀን ይወስዳል፤ ሄፓታይተስ ኤ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ዛሬ የሚያማችሁ የባለፈው ሳምንት ምግብ ሊሆን ይችላል። ተቅማጡ ደም ከቀላቀለ፣ በተለይ በልጅ ላይ፣ ቤት ውስጥ መድኃኒት እየሞከሩ መጠበቅ አይገባም፤ ቶሎ ወደ ሐኪም ነው። ለጤና ቢሮም ንገሩ። አንድ ሰው ሲናገር ሆድ ቁርጠት ነው፤ ሃያ ሰው ሲናገር ነው መንስኤው የሚፈለገው።

ወደዚያ ምሽት ልመለስ። ገባን። ልጄ ወንበር ያዘች፣ እኔ እጄን ልታጠብ ወደ ኋላ ሄድኩ። የመጸዳጃ ቤቱ በር ጀርባ ላይ የጽዳት መመዝገቢያ ወረቀት ተለጥፏል። የቀድሞ ልማዴ ነውና ቆሜ አነበብኩት። ሰዓቶቹ የተስተካከሉ አልነበሩም፤ አንዱ ሩብ ሰዓት ዘግይቷል፣ ሌላው ቀድሟል። የሦስት ሰው የእጅ ጽሑፍ አለበት፣ አንዱ በእርሳስ ነው የጻፈው። መሐል ላይ ደግሞ አንድ ሳጥን ባዶ ነው፤ ማንም ተመልሶ አልሞላውም። ከባዶው ሳጥን አጠገብ በትንንሽ ፊደል «ሳሙና አልቆ ነበር፣ ተሞልቷል» የሚል ተጽፏል።

ሳሙናውን ተጫንኩት። ወጣ። ሃያ ሰከንድ ቆጥሬ ታጠብኩና ወጥቼ «እሺ፣ ምን እንዘዝ?» አልኳት።